መርከቧ ስም አላት፤ ሰዎቹስ?



በየዓመቱ ሚያዝያ 27 የድል በዓል ሲከበር አርበኞቻችንን እናስታውሳለን። ይገባቸዋልም። ዛሬ ግን ከዚያ ዕለት አምስት ቀን ቀደም ብሎ በቀይ ባሕር ላይ ስለሆነ፣ በበዓሉ ንግግሮች ውስጥ ተነስቶ ስለማላውቀው ነገር ላጫውታችሁ።

ሚያዝያ 22 ቀን 1933 ዓ.ም. (አፕሪል 30 ቀን 1941 እ.ኤ.አ.) ፓርቫቲ የምትባል የሕንድ ባሕር ኃይል ረዳት መርከብ ከአሰብ አጠገብ በባሕር ፈንጂ ተመትታ ሰመጠች። ግዙፍ የጦር መርከብ አልነበረችም። ትልልቆቹ መርከቦች እንዲያልፉ ባሕሩን ከሚጠብቁት ትንንሽ መርከቦች አንዷ ነበረች። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ አፕሪል 8፣ ምፅዋ ከጣልያን እጅ ወጥታለች። ጣልያኖቹ ወደቡን ከመልቀቃቸው በፊት የራሳቸውን መርከቦች በወደቡ ውስጥ አስምጠው መግቢያውን ዘግተውት ነበር። ከምፅዋ መያዝ ሦስት ቀን በኋላ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ቀይ ባሕር የጦርነት ቀጠና አይደለም ብለው ስላወጁ የአሜሪካ ጭነት መርከቦች ወደ ስዊዝ መሄድ ቻሉ። ፈንጂው ግን አዋጅ አይሰማም፤ ውሃ ውስጥ ሆኖ ይጠብቅ ነበር። አሰብ ራሷ የተያዘችው ጁን 11 ቀን ነው። ከባሕር ወርደው የያዟትም የፑንጃብ ክፍለ ጦር ወታደሮች ነበሩ።

እንግዲህ አስቡት። አፄ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ሊገቡ አምስት ቀን ሲቀራቸው፣ ከሕንድ የመጡ ባሕረኞች እኛ ደጅ ላይ ሰምጠዋል። የመርከባቸው ስም በጠፉ መርከቦች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። የሰመጠችበት ቀንና ምክንያትም እንዲሁ። ከባሕረኞቹ የአንዱን ስም የሚያውቅ ከመካከላችን ስንት አለ? እኔ አላውቅም። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝም ይኸው ነው።

በጦርነት ጊዜ መርከብ ሲሰምጥ መጀመሪያ የሚጻፈው የመርከቧ ስም ነው። ቀጥሎ የተሠራችበት ዓመትና ክብደቷ፣ ከዚያ የካፒቴኑ ስም ይጻፋል። ከታች ለሚሠሩት ቁጥር ይበቃል። ቁጥር ደግሞ እናት የለውም፣ ሚስት የለውም፣ የሚጠብቀውም ልጅ የለም።

ላስካሮቹ እነማን ነበሩ?

«ላስካር» የሚለው ቃል ለእኛ ጆሮ ባዕድ አይደለም። ከፋርስኛው «ላሽካር» (ጦር) የመጣ ነው። በጣልያን ጊዜ አያቶቻችን «አስካሪ» ይሉት ከነበረው ቃል ጋር ዝምድና አለው። እንግሊዞች ግን ቃሉን የተጠቀሙበት በመርከቦቻቸው ላይ ለሚሠሩ የእስያ ባሕረኞች ነበር።

ከእነዚህ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። ዛሬ በባንግላዴሽ ውስጥ ካሉት ከሲልሄት፣ ከቺታጎንግና ከኖአኻሊ የገጠር መንደሮች ይመጡ ነበር። የሲልሄት ሰዎች በተለይ የሚታወቁት በሞተር ክፍል ሥራ ነው። ከመርከቡ ሆድ ውስጥ፣ ከውሃው ወለል በታች፣ እሳቱ ፊት ቆመው ከሰል በአካፋ ይጨምራሉ። ከአደንና ከየመን ተራሮች የመጡ የመኖች እንዲሁም ሶማሌዎችም በካርዲፍና በሳውዝ ሺልድስ ወደቦች ሆነው ይህንኑ ሥራ ይሠሩ ነበር። የካርዲፍ ሙስሊሞች በፒል ስትሪት ያቋቋሙት መስጂድ በ1941 በጀርመን የአየር ድብደባ ወድሟል። በባሕሩም በየብሱም ጦርነቱ አልማራቸውም።

ቶርፒዶ መርከብን የሚመታው ከውሃው በታች ነው። የሞተር ክፍሉም ያለው እዚያው ነው። ከላይ ወንበር ላይ የተቀመጠው መንገደኛ ወደ ጀልባው ለመሮጥ ጥቂት ደቂቃዎች ይኖሩታል። ከሰል ጨማሪው ግን ብዙ ጊዜ እነዚያም ደቂቃዎች የሉትም። የሚወጣበት መሰላል አንድ ነው፣ መብራቱ ይጠፋል፣ የፈላው እንፋሎት ይለቀቃል። ከሁሉ በታች የሚከፈለው ሰው ለሞት ከሁሉ ቅርብ በሆነው ቦታ ይሠራ ነበር።

ክፍያውስ? ላስካሩ የሚያገኘው በዚያው መርከብ ላይ ከሚሠራው እንግሊዛዊ ደመወዝ ጥቂቱን ክፋይ ብቻ ነበር። በ1939 ጦርነቱ ሲፈነዳ በለንደን፣ በሊቨርፑል፣ በግላስጎና በሌሎችም ወደቦች የነበሩ ላስካሮች «ለሞት እኩል ከሆንን ደመወዛችን ይሻሻል» ብለው ሥራ አቆሙ። ብዙዎቹ ታሰሩ። በመጨረሻ ጭማሪ አገኙ እንጂ እኩልነት አላገኙም። በጦርነቱ የመጀመሪያ ዓመታት የእንግሊዛዊው መርከበኛ ደመወዝ እንኳ መርከቡ ከሰመጠበት ቀን ጀምሮ ይቋረጥ ነበር። በጀልባ ላይ ሆኖ ከሞት ጋር ሲታገል ያሳለፈው ቀን እንደ ሥራ ቀን አይቆጠርለትም። ይህ የተለወጠው በ1941 ነው። የራሳቸውን ዜጋ እንዲህ ከያዙት የቅኝ ግዛቱን ሰው እንዴት ሊይዙት እንደሚችሉ መገመት አያዳግትም።

ጀልባ ቁጥር 12

አንድ ታሪክ በዝርዝር ላንሳ። ሲቲ ኦፍ በናረስ የምትባል የመንገደኞች መርከብ በሴፕቴምበር 1940 ከሊቨርፑል ወደ ካናዳ ተነሳች። ከጀርመን ቦምብ እንዲያመልጡ ከእንግሊዝ የሚወጡ 90 ሕፃናት ተሳፍረውባታል። ሠራተኞቿ በአብዛኛው ላስካሮች ነበሩ። ሴፕቴምበር 17 ሌሊት አትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል ላይ ዩ-48 የተባለች የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ በቶርፒዶ መታቻት። አጃቢዎቹ የጦር መርከቦች ከዚያ ቀደም ብለው ተለይተዋታል። ማዕበል ነበር፣ ብርድ ነበር፣ ጨለማ ነበር። ጀልባዎቹ ሲወርዱ የተገለበጡት ብዙ ናቸው፤ ሌሎቹ በውሃ ተሞሉ። ከ90ዎቹ ሕፃናት 77ቱ ሞቱ። በመርከቧ ላይ ከነበሩት ከ400 በላይ ሰዎች 260 የሚሆኑት አለቁ። ከሞቱት ውስጥ 121ዱ ሠራተኞች ነበሩ፤ አብዛኞቹም ከሕንድ የመጡ ናቸው። ለሞቃት አገር የተሰፋ ስስ የጥጥ ልብስ ለብሰው የሰሜን አትላንቲክን ብርድ መቋቋም አልቻሉም።

ጀልባ ቁጥር 12 ከሌሎቹ ተለይታ ጠፋች። 46 ሰዎች ተጭነውባታል፦ ስድስት ወንዶች ልጆች፣ ሜሪ ኮርኒሽ የተባለች የሙዚቃ አስተማሪ፣ አንድ ቄስ፣ ጥቂት ሌሎች አውሮፓውያን፣ እና ከሠላሳ በላይ ላስካሮች። በቀን ጥቂት ጉንጭ ውሃ እየተካፈሉ ስምንት ቀን ቆዩ። በስምንተኛው ቀን አውሮፕላን አያቸው፤ መርከብ መጥቶም አወጣቸው።

ዜናው እንግሊዝን አስፈነጠዘ። የስድስቱ ልጆች ስምና ፎቶ በየጋዜጣው ወጣ። ልጆቹ እንዳይተኙና እንዳይሞቱ ተረት እየፈጠረች ስትነግራቸው የቆየችው አስተማሪም ተመሰገነች፤ ይገባታል። በዚያች ጀልባ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሆኑት ሰዎች ግን በአብዛኛው «ላስካሮቹ» ተብለው በጅምላ አለፉ። ያንኑ ብርድ በርዷቸዋል፣ ያንኑ ውሃ ጥም ተጠምተዋል፣ ያንኑ ሌሊት ዱዓ እያደረጉ አሳልፈዋል።

እዚህ ላይ እንዳታዝኑብኝ። የ77ቱ ሕፃናት ሞት ትንሽ ነው እያልኩ አይደለም። የሕፃን ሞት ሃይማኖትም ዘርም የለውም፤ ልብ ያለው ሁሉ ያለቅሳል። የአንዱ ሐዘን ሌላውን ማስረሳት የለበትም ነው የምለው። አንድ ማዕበል አብረው የተጋፈጡ ሰዎች በአንድ መዝገብ ላይ መስፈር አይከብዳቸውም ነበር።

ድንጋዩ የት ነው? መጽሐፉስ?

ለንደን ውስጥ፣ ታወር ሂል በሚባለው ቦታ፣ መቃብራቸው ባሕር ለሆነ የንግድ መርከበኞች የተሠራ ትልቅ መታሰቢያ አለ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ወደ 12,000፣ ከሁለተኛው ወደ 24,000 የሚጠጉ ስሞች በነሐስ ላይ ተቀርጸዋል። ስሞቹ የተደረደሩት በየመርከባቸው ነው። ሲቲ ኦፍ በናረስም እዚያ አለች። ላስካሮቿ ግን ከመርከባቸው ጋር እዚያ የሉም።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ጨርሶ አልተጻፉም ማለት አይቻልም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሞቱ ከ6,000 በላይ የሕንድ ባሕረኞች ስም በሁለት መጽሐፎች ተመዝግቦ አንዱ ቺታጎንግ፣ አንዱ ቦምቤይ ተቀምጧል። ስለዚህ «ተረሱ» የሚለው ቃል ብቻውን ልክ አይደለም። የተለዩ ናቸው። የካፒቴኑ ስም በዓለም ዋና ከተማ በአደባባይ፣ መንገደኛ ሁሉ ሊያነበው ይችላል። ከሰል ጨማሪው ስም በመጽሐፍ ውስጥ፣ ሊያየው አስቦ ለሄደ ሰው ብቻ ይገለጣል። በባሕር ውስጥ አብረው የተኙ ሰዎች በመዝገብ ላይ ተለያይተዋል።

ይህ የእኔ ስሜት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ለእነዚህ መታሰቢያዎች ኃላፊነት ያለበት የኮመንዌልዝ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን ራሱ በ2021 ባወጣው ሪፖርት ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት አምኖ ይቅርታ ጠይቋል። ከ45,000 እስከ 54,000 የሚሆኑ በአብዛኛው አፍሪካውያንና እስያውያን ሟቾች ከሌሎቹ እኩል አልታሰቡም። ከእነዚህ ሌላ ቢያንስ 116,000፣ ምናልባትም እስከ 350,000 የሚደርሱ፣ በተለይ ከምሥራቅ አፍሪካና ከግብፅ የሆኑ ሰዎች በስም አልተጠሩም፤ ወይም ጨርሶ አልታሰቡም። ይቅርታው የመጣው ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ስሙን የሚያውቁት ልጆቹም፣ የልጅ ልጆቹም አልፈዋል። ዘግይቶ የተጠየቀ ይቅርታ ከዝምታ ይሻላል፤ የጠፋ ስም ግን አይመልስም።

«ለቅኝ ገዢ የሞተ ምን ይመለከተናል?»

አንዳንድ ወንድሞች እንዲህ እንደሚሉ አውቃለሁ። «በገዛ ፈቃዳቸው ለእንግሊዝ ሠሩ፣ ተከፈላቸው፣ ሞቱ። የእኛ ሐዘን ምን ቤት ነው?»

ጥያቄው መልስ ይገባዋል። ሕንድ ወደ ጦርነቱ የገባችው ሕዝቧ ተጠይቆ አይደለም፤ በ1939 የእንግሊዙ እንደራሴ ማንንም ሳያማክር አወጀባት። የሲልሄት ገበሬ ልጅ ከሰል ሊጨምር የሄደው የእንግሊዝን ባንዲራ ወድዶ ሳይሆን እንጀራ ፍለጋ ነው። ከእኛስ ዛሬ ወደ ዓረብ አገር የሚሄደው ማንን ወድዶ ነው? ልጁን ለስደት የሸኘ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ሟችን ማስታወስ ደግሞ ያሰማራውን መንግሥት ማሞገስ አይደለም። እንዲያውም ስሙን መጥራት ያሰማራውን መንግሥት ይጠይቃል፦ «ይህን ሰው የት አደረስከው?»

ስም ለምን ይጠቅማል?

«ከሞተ በኋላ ስሙ ቢጻፍ ባይጻፍ ምን ይጠቅመዋል? አላህ ያውቀዋል» የሚልም አለ። አላህ እንደሚያውቀው ጥርጥር የለውም። ሰምጦ የሞተ ሙእሚን ከሸሂዶች እንደሚቆጠር በሐዲስ ተነግሮናል፤ እሱ የሚያስፈልገውን ከጌታው ያገኛል። መዝገቡ የሚያስፈልገው ለቀሩት ነው።

ባሏ በባሕር የጠፋ አንዲት የሲልሄት ሴት አስቡ። ደብዳቤ አልመጣም፣ ደመወዝ አልመጣም፣ የሞት ወረቀት አልመጣም። ሚስት ናት ወይስ ባሏ የሞተባት? ዒዳዋን ከመቼ ትቁጠር? ውርሱስ እንዴት ይከፈል? ፉቀሃዎች እንዲህ ያለውን ሰው «መፍቁድ» ይሉታል፤ መኖሩም መሞቱም ያልታወቀ ማለት ነው። ዑመር (ረዲየላሁ ዐንሁ) የዚህ ዓይነት ሰው ሚስት አራት ዓመት እንድትጠብቅ፣ ከዚያም የባል ሞት ዒዳ፣ ማለትም አራት ወር ከአሥር ቀን፣ እንድትቆጥር መፍረዳቸው ተዘግቧል። ዑለማዎች በጊዜው መጠን ላይ ተለያይተዋል። ጉዳዩን ችላ ያለ ግን የለም። በአንድ ወደብ ላይ ያለ ጸሐፊ አንዲት መስመር ባለመጻፉ፣ ወይም ስሙን እንደሰማው አጣሞ በመጻፉ፣ ሌላ አህጉር ላይ አንዲት ሴት ዓመታትን በር በሩን እያየች ልትኖር ትችላለች።

ዛሬስ?

ይህ የድሮ ታሪክ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ አበቃ ነበር። አላበቃም።

በማርች 2017 ሶማሌ ስደተኞችን የጫነች ጀልባ ከየመን የባሕር ዳርቻ አጠገብ ጥቃት ደርሶባት ቢያንስ 42 ሰዎች ተገደሉ። ብዙዎቹ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኛ ወረቀት በኪሳቸው ነበር። ወረቀት ያለው ሰው እንኳ በዜናው ላይ ወደ «42» ተለወጠ። በማርች 2024 ትሩ ኮንፊደንስ የተባለች የጭነት መርከብ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ስትመታ የመርከቧ ስም በዓለም ሁሉ ተነገረ። የሞቱት ሦስቱ መርከበኞች ግን ለአብዛኞቻችን «ሁለት ፊሊፒናውያንና አንድ ቬትናማዊ» ናቸው። መርከቧን ዛሬም በስሟ እንጠራታለን።

የራሳችንንም እናንሳ። በፌብሩዋሪ 1990 በምፅዋ በተደረገው ጦርነት የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ዋና ጣቢያውን አጣ። በሚቀጥለው ዓመት የተረፉት መርከቦች ባሕሩን ተሻግረው ወደ የመንና ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ሄዱ። «ኢትዮጵያ» የተባለችውን ዋናዋን መርከብ ስም ብዙ ሰው ያስታውሳል፤ ፎቶዋንም ይለጥፋል። ከሁለቱም ወገን በዚያ ባሕር ላይ የሞቱትን ወጣቶችስ? አንድ ስም ጥሩ ብንባል ከቤተሰቦቻቸው በቀር ስንቶቻችን እንጠራለን? ይህን የምለው የቆየ ቁስል ለመነካካት አይደለም። ላስካሮቹን በቁጥር ያለፈውን ኢምፓየር ስንወቅስ የራሳችንንም መዝገብ ገልጠን እንይ ለማለት ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ሐውልት እናቁም አልልም። ቀላል ነገር ነው የምጠይቃችሁ።

አንደኛ፣ በቤተሰባችሁ ወይም በጀመዓችሁ ውስጥ በባሕር ላይ የሠራ ሽማግሌ ካለ፣ በባሕር ኃይልም ይሁን በንግድ መርከብ ወይም በሳምቡክ፣ ዛሬውኑ ተቀምጣችሁ ጠይቁት። የመርከቡን ስም ሳይሆን አብረውት የነበሩትን ሰዎች ስም ጠይቁት። ከነአባታቸው፣ ከነአገራቸው ጻፉት።

ሁለተኛ፣ ባሕር ተሻግሮ የሚሄድ ዘመድ ያለው ሰው ሙሉ ስሙን፣ ፎቶውን፣ የሚነሳበትን ቦታና ቀን፣ አብሮት የሚሄደውን ሰው ጽፎ ይያዝ። ይህ ሟርት አይደለም። ማሰር ነው፤ መመካቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ሦስተኛ፣ የመርከብ ወይም የጀልባ አደጋ ዜና ስታጋሩ ስሞቹ ከታወቁ ከነስማቸው አጋሩ። ካልታወቁ «ስማቸው ገና አልታወቀም» በሉ። እንዲህ ያለች አጭር ዐረፍተ ነገር ቁጥሩ ሰው መሆኑን ታስታውሳለች።

በመጨረሻም አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ነጋሺ በሐበሻ ምድር ሲሞቱ መዲና በቀይ ባሕር ማዶ ነበረች። ነቢዩ (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) የሞታቸውን ዜና ለባልደረቦቻቸው ነገሯቸው፤ አሰልፈውም ሰገዱባቸው። ሩቅ ለሞተ ሰው የሚሰገደው ሶላት መነሻው ይኸው ነው። ያ ሶላት የተሰገደው በዚህ ባሕር ላይ ተሻግሮ ለነበረ ስም ነው። ከአሰብ አጠገብ በፓርቫቲ ላይ የሞቱትም፣ በአትላንቲክ የቀሩት ከሰል ጨማሪዎችም፣ ትናንት በጀልባ የሄዱት ልጆቻችንም ቢያንስ ይህች ትገባቸዋለች፦ ከባሕሩ ወዲህ ማዶ ስማቸውን የሚጠራ ሰው።

አላህ ለሞቱት ምሕረቱን፣ ለቀሩት ቤተሰቦች ሰብርን ይስጥ። ስም የምታውቁ አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልን። አንድም ስም ብትሆን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።